ከኪማራ እስከ ኪቩኮኒ

በዳሬሰላም ከኪማራ ተነስቶ እስከ ኪቩኮኒ የባሕር ዳርቻ የሚዘልቀው የፈጣን አውቶቡስ መንገድ ከቅርንጫፎቹ ጋር 21 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀምሮ በ2018 ከተማዋን ዓለም አቀፍ የዘላቂ ትራንስፖርት ሽልማት አሸልሟታል። ይገባታል። ሽልማቱ ተሳፋሪው ለሚጠብቅበት ሰዓት ቢሆን ኖሮ ግን ዋንጫው እስካሁን ኪማራ ላይ ተሰልፎ በተገኘ ነበር። ነዋሪው «ምዌንዶካሲ» የሚለው ይህ አውቶቡስ አንዴ ከተንቀሳቀሰ ማን ይዞት! መስመሩ በመንገዱ መሀል በጠርዝ ድንጋይ ተከልሎለታል፤ ሂሳብ የሚከፈለው ከመሳፈር በፊት ጣቢያው ላይ ነው፤ የጣቢያውና የአውቶቡሱ ወለል እኩል ስለሆነ አቅመ ደካማም ሳይጨነቅ ይገባል። ኡቡንጎን፣ ማንዜሴን፣ ማጎሜኒን እያለፈ ሲከንፍ፣ ግራና ቀኝ ተጨናንቀው የቆሙትን ባለ መኪኖች ቁልቁል ማየት ከታሪፉ ጋር የሚመረቅ ደስታ ነው፤ የሌላ ተሳፋሪ ክርን መስኮቱን ካልጋረደ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ፍጥነት የሚገኘው ከገቡ በኋላ ነው። ለፕሮጀክቱ የመጀመሪያ ምዕራፍ ከ300 በላይ አውቶቡሶች ታስበው፣ አገልግሎቱ የተጀመረው በ140 ነው። መንገዱ ተሠርቶ አውቶቡስ ሲያንስ፣ መንገድ ላይ የተረፈው ሰዓት ጣቢያ ላይ ይበላል። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት በሩ አልበቃ ብሏቸው በመስኮት የሚገቡ ተሳፋሪዎች በአገሩ ዜና ብርቅ አይደሉም፤ ለእኩል ወለል ያን ያህል ሲደከም ለመስኮት ዘላዩ መሰላል አለመታሰቡ ቅር ያሰኛል። «ከዳላዳላ አይሻልም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ከተነሳ በኋላ ይሻላል፣ ያውም በብዙ። ነገር ግን ዳላዳላ የሚባሉት ሚኒባሶች ከዚህ ጎዳና እንዲነሱ ስለተደረገ፣ ሰልፉ የመረረው ሰው ወደ ድሮው ልመለስ ቢል መመለሻ የለውም። አማራጭ ያጣን ሕዝብ ቆጥሮ «ይኸው ወደዱን» ማለት ደግሞ ትንሽ ዓይን አውጣነት ይጠይቃል።

«እንግዲያው አውቶቡስ ይጨመር» ማለት ትክክል ነው፤ ማደሪያቸውንም ማሰብ ግን ግድ ይላል። የጃንግዋኒው የአውቶቡስ ማደሪያ የተሠራው የምሲምባዚ ወንዝ በሚተኛበት ረባዳ ላይ ነው። ዝናቡ ሲበረታ ወንዙ ወደ አልጋው ይመለሳል፤ አውቶቡሶቹም ውሃ ውስጥ ይቆማሉ፣ ጎዳናውም ይዘጋል። ዳላዳላን በመመሪያ ያስነሳ መሥሪያ ቤት ለወንዝ የሚጽፈው ደብዳቤ የለውም። ደረቅ ቀን ሆኖለት ኪቩኮኒ የደረሰና ከውሃው ማዶ ወዳለችው ኪጋምቦኒ የሚሻገር መንገደኛ ደግሞ ጀልባ ይጠብቀዋል፤ ይቅርታ፣ እሱ ነው ጀልባ የሚጠብቀው። ስለዚህ የጉዞው ሰዓት መቆጠር ያለበት ጎማው መዞር ሲጀምር ሳይሆን ተሳፋሪው ትኬቱን ከቆረጠበት ደቂቃ ጀምሮ ነው። የቀጣዮቹን ምዕራፎች ሪፖርት የሚጽፉ ሹማምንት አንድ ሰኞ ጠዋት ኪማራ ላይ ተሰልፈው ሰዓታቸውን ከዚያ ይቁጠሩ።