ሳፋዬን ያየ?

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሰውዬው የቮልሱን ካርቡራቶር ነቅሎ ግቢው ጥግ ቁጢጥ ብሏል። ከፊቱ ሳፋ፣ ሳፋው ውስጥ ሁለት ሊትር ቤንዚን፣ በእጁ ደግሞ የጥርስ ብሩሽ። ሳፋው የልብስ ማጠቢያ ነው፤ ባለቤቱ ግን ገና አላወቀችም።

ቮልስ የያዘ ሰው መካኒክ ነኝ ማለቱ አይቀርም። ሞተሩ ውሃ አይጠይቅ፣ አራት ብሎን ከተፈታለት ወልቆ ይወርዳል። ካቻቢቴ፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ ሲል ደግሞ ጣልያንኛ የቻለ ይመስለዋል።

ቤንዚን ግራሶ እንደሚያስለቅቅ ማንም አይክድም። ክፋቱ ጸባዩ ነው። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ እንኳ ለእሳት የሚበቃ ትነት ይሰጣል፤ የአዲስ አበባ የኅዳር ውርጭ ለእሱ ሐሩር ነው። ትነቱም ከአየር ስለሚከብድ እንደ እጣን ሽቅብ አይወጣም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ እሳት ፍለጋ ይሄዳል።

እሳቱ ሩቅ አልነበረም። በረንዳው ላይ ከሰሉ ፍም ሆኖ፣ ረከቦቱ ቀርቦ፣ ቡናው ሊቆላ ነው።

«አንተ! ምንድነው የሚሸተው?»

«ምንም።»

ሴትዮዋ አላመነችም። ምድጃውን እንዳለ ብድግ አድርጋ ጎረቤት አደረሰችና ለጠቡ ተመለሰች። «ደግሞ በሳፋዬ!»

ጎረቤታቸው ዕድሜያቸውን በጋራዥ የጨረሱ ሽማግሌ ናቸው። ያልጠሩት የከሰል ምድጃ ደጃቸው ሲመጣ ጊዜ ነገሩ ገብቷቸው ተከትለው መጡ።

«አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ ጭቃውን በእንጨት ፋቀው። ከዚያ ሙቅ ውሃና ላርጎ። አልለቅ ያለውን በትንሽ ናፍታ፣ ክዳን ባለው ቆርቆሮ፣ ሜዳ ላይ።» ናፍታም ቢሆን ክብሪት አይወድም፤ እንደ ቤንዚን ግን ቸኩሎ አይተንም።

«ኮስቲክ ሶዳስ፣ ጋሼ? ቴስታታውንም ላጥበው ነበር።»

ሽማግሌው ሳቁ። የቮልስ ቴስታታ አልሙኒየም ነው፤ ኮስቲክ ሶዳ ደግሞ አልሙኒየም ይበላል። ሲበላም ሃይድሮጅን ይለቃል፣ እሱም ተቀጣጣይ ነው። የሰውዬውን ጓንት አይተው ደግሞ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ስሱ የሐኪም ላቴክስ በቤንዚን አብጦ ጣቶቹ የተቀቀለ ሞኮሮኒ መስለዋል። ለዚህ ሥራ የሚሻለው ናይትራይል የሚባለው ነው።

«ይሄን ጥቁር ነገርስ የት ልትደፋው ነው?» አለች ባለቤቱ።

ሰውዬው በዓይኑ ወደ ፍሳሹ ቱቦ ጠቆመ።

«እዚህ ደፍተኸው ትነቱ በኔ ሽንት ቤት ሊወጣ?» ሽማግሌው ተቆጡ። «እኔ እዚያ ሲጋራዬን ነው የማጨሰው!» ቤንዚኑ በጀሪካን ተገልብጦ፣ ክዳኑ ጠብቆ፣ የጋራዡን የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስቡት እንዲሰጥ ተወሰነ። ሳፋው ግን ወደ ልብስ አልተመለሰም፤ ጠረኑ አልለቀቀማ።

ማምሻውን ካርቡራቶሩ ተገጥሞ ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ተነሳ። ሽማግሌው አጨበጨቡ፣ ሴትዮዋም ሳትወድ ፈገግ አለች።

ይህን ጊዜ ትንሹ ልጅ ፒጃማውን እንደለበሰ በሩ ላይ ብቅ አለ።

«አባዬ፣ የጥርስ ብሩሼን አይተሃል?»

ሰውዬው ሞተሩ ላይ እንዳጎነበሰ ቀረ።