«ብሉቱዝ የለውም እንዴ?»

ሠርግ ላይ ሙዚቃ የሚያጫውት ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ እንግዳ አለ። ምሳው ተነሥቶ ቢራው ሲደጋገም ስልኩን አስቀድሞ ከተፍ ይላል። ሰላምታ የለም። «ዲጄ፣ እዚህ ውስጥ አንድ ቆንጆ ዘፈን አለኝ። ብሉቱዝ የለውም እንዴ?»

ከፊቴ የተዘረጋው ሸክላ ማጫወቻ ይሁን፣ ሲዲ ማጫወቻ ይሁን፣ ላፕቶፕና ኮንትሮለር ይሁን እሱ ጉዳዩ አይደለም። ሸክላዋ ዓይኑ ሥር እየዞረች፣ መርፌው ላይዋ ተቀምጦ፣ እሱ ብሉቱዝ ይፈልጋል። መልሴን እያደር አሳጥሬዋለሁ፦ «አለው፣ ተበላሽቷል።» «አይ የቻይና ዕቃ!» ብሎ አዝኖልኝ ይመለሳል።

እሱ ይመለሳል፤ ነገሩ ግን እኔን አይለቀኝም። እኛ ዲጄዎች እኮ በዕቃ ጉዳይ ስንናናቅ ነው የኖርነው። የሸክላው ሰው የሲዲውን ይንቃል፣ የሲዲው የኮንትሮለሩን ይንቃል፣ ባለ ኮንትሮለሩ ደግሞ የሚንቀው ሲያጣ ካሴት በእርሳስ ያጠነጥን የነበረ አባቱን ይንቃል። ይኼ ሁሉ ክብርና ንቀት በአንድ «ብሉቱዝ የለውም እንዴ» ገደል ይገባል። ይባስ ብሎ የእህቴ ልጅ ዲጄ ካልሆንኩ ብሎ ቤቱን አምሶታል። «ጋሼ፣ ሸክላ ማጫወቻ ይሻለኛል፣ ሲዲ ወይስ ኮንትሮለር?» ይለኛል። እናቱ በበኩሏ ከሦስቱም የሚሻለው አካውንቲንግ እንደሆነ ነግራኛለች።

በዕድሜ ቅደም ተከተል እንሂድ። ሸክላ ማጫወቻ ሲባል የዲጄው ዓለም የሚያውቀው ቴክኒክስ ኤስኤል 1200ን ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ሲወጣ ለዲጄ አልታሰበም፤ ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ሙዚቃ ለሚያዳምጥ ጨዋ ሰው የተሠራ ነበር። ሞተሩ ሳህኑን ያለ ቀበቶ በቀጥታ ስለሚያዞረው በእጅ ያዝ ለቀቅ ቢያደርጉት ወዲያው ፍጥነቱን ይይዛል፤ ዲጄዎች ይህን ሲያዩ ከሳሎን አወጡት። በ1979 የመጣው ማርክ 2 ፍጥነቱን በ8 በመቶ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ተንሸራታች ተጨመረለት፤ ሁለት ዘፈን በጆሮ ማጋጠም ማለት እንግዲህ እሷን ተንሸራታች በጣት ጫፍ ማባበል ነው። በ2010 ፋብሪካው ማምረት አቆመ፣ በ2016 ደግሞ ዋጋውን ሰቅሎ ተመለሰ። ይህ ሁሉ ታሪክ ደስ ይላል። ግን ማርክ 2 አንዱ ከ12 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ሁለት ያስፈልጋል፣ የሠርግ አዳራሽ ደግሞ እንደ ልማዱ ሦስተኛ ፎቅ ነው።

ሲዲው ብዙ አያናግርም። ፓዮኒር በ1994 ሲዲጄ 500ን፣ በ2001 ሲዲጄ 1000ን አመጣ፤ ሁለተኛው ሲዲን እንደ ሸክላ በእጅ ወዲያና ወዲህ ለማለት አስቻለ፣ ክለቡን ሁሉ ወረሰ። አሁን ያሉት ልጆቹ ሲዲ የሚያስገባ አፍ እንኳ የላቸውም፤ ፍላሽ ነው የሚጎርሱት። ስሙ ግን ሲዲጄ እንደሆነ ቀርቷል።

ኮንትሮለር ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ሲንክ የምትባል ቁልፍ አለችው፤ ስትጫናት ሁለቱን ዘፈን ራሷ ታጋጥማለች። «ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?» ይለኛል የእህቴ ልጅ። የምፈልገው ችክችካ እንድታውቅልኝ ነው። ፕሮግራሙ ምት መቁጠር የተማረው በአራት በአራት ከሚረግጥ ሙዚቃ ነው። ችክችካ ስድስት ስምንተኛ ነው፤ ስድስቱን ሁለት ቦታ ብትከፍለውም ሦስት ቦታ ብትከፍለውም ያስኬዳል፣ የእኛ ትከሻ ሁለቱንም ባንዴ ይቆጥራል። ኮምፒውተሩ ግራ ይገባዋል። በደቂቃ 120 የሚመታውን አንዱን 180፣ አንዱን 90 ብሎ ይጽፍና በልበ ሙሉነት ሊያጋጥማቸው ይነሣል። የድሮዎቹ ዘፈኖች ላይ ደግሞ ከበሮ መቺው ሰው ነው፤ ሲሞቀው ይፈጥናል። ይህን ለሲንክ ማን ያስረዳት?

የሆነ ሆኖ መሣሪያን በድምፅ ጥራት የሚመርጥ ሰው አዲስ አበባ ላይ ሠርግ አጫውቶ የማያውቅ ነው። እዚህ መሣሪያ የሚመረጠው መብራት ሲጠፋ በሚያሳየው ጠባይ ነው። ሸክላ መብራት ሲሄድ ቀስ እያለች ትቆማለች፤ መርፌው ካለበት ንቅንቅ አይልም። ሲመጣ ስታርትን መጫን ነው፣ ዘፋኙ ካቋረጠበት ፊደል ይቀጥላል። ሲዲ ማጫወቻው መብራት ሲመለስ ማንንም አያውቅም፤ እንደ አዲስ ይነሣል፣ ዲስኩን እንደ አዲስ ያነባል፣ ዘፈኑን ከመጀመሪያው ያቀርብልሃል። ላፕቶፑስ? ባትሪ አለው፣ ኮንትሮለሩም ከሱ ነው የሚጠባው፤ ስለዚህ ስፒከሩ ሞቶ፣ አዳራሹ ጨልሞ፣ እሱ ብቻውን ዘፈኑን ይቀጥላል። ጀነሬተሩ ሲነሣ እኛ መግቢያው ላይ ቆመን ነበር፣ እሱ ማብቂያው ላይ ደርሷል።

ጀነሬተር ካልን አይቀር፣ የጀነሬተሩ ቁልፍ ያለበት ሰው ሁልጊዜ «አሁን እዚህ ነበር» የሚባል ሰው ነው። እሱ እስኪገኝ ድረስ አዳራሹ ለአፍታ ጸጥ ይላል፣ ከዚያ ከኋላ ካሉት እናቶች አንዷ ታጨበጭባለች። ሌላዋ ትቀበላለች። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ከበሮ ይወጣል። ሙሽራይቱ ጫማዋን አውልቃ ትገባለች፣ እኔ ከሰዓት ጀምሬ ስለምነው የኖርኩት የሙሽራው አጎት ሳይለመን ይነሣል። እናቶቹ እየፈጠኑ፣ እየፈጠኑ ይሄዳሉ፤ የጀመሩበትንና ያደረሱትን ፍጥነት የትኛውም ተንሸራታች አያገናኘውም። እኔ ጨለማ ውስጥ የጆሮ ማዳመጫዬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ቆሜ አያለሁ። ታዲያ ጭፈራው ጫፍ ሲደርስ መብራት ይመጣል፣ የሙሽራው ሚዜ ይጮኻል፦ «ዲጄ፣ ምን ትጠብቃለህ? ልቀቀው!»

እንዲህ ያለው ነገር ያስቀኛል እንጂ አያናድደኝም። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። «ሸክላ የማያጫውት ዲጄ አይባልም» የሚል ሰው አለ፤ በርሊንም አለ፣ ቦሌም አለ። እስቲ ልጠይቀው፤ የቱን ሸክላ? አሳታሚው አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የሀገር ፍቅር ማኅበርን ሸክላ የማሳተም የሕግ ሞኖፖል ተዳፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ሲያወጣ፣ ካይፋ የተባለው አሳታሚም ተከትሎ ሲያሳትም፣ እነዚያ ሸክላዎች እዚሁ ፒያሳና መርካቶ ይሸጡ ነበር። አሥር ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ካሴት መጣና ሸክላ ቀረ። ኤፍሬም ታምሩና ንዋይ ደበበ የነገሡት በካሴት ነው። ሸክላ ብቻ ላጫውት ያለ ዲጄ ሠርጉ ከደርግ መጀመሪያ ዘመን አይሻገርለትም! የተረፉት ሸክላዎችስ የት አሉ? ፓሪስ ላይ የኢትዮፒክስ ተከታታይ ሲዲዎች መውጣት ከጀመሩ ወዲህ የውጭ ሰብሳቢ ሁሉ ነቅቶ ከየቤቱና ከየሱቁ ለቃቅሞ በሻንጣ አወጣቸው፤ ዛሬ አንዲቷ ትንሽ ሸክላ በመቶዎች ዶላር የምትሸጥበት ጊዜ አለ። እዚህ ያለ ልጅ የገዛ አገሩን ሙዚቃ በሸክላ ልግዛ ቢል በዶላር ይከፍላል፣ ቀረጥ ይከፍላል፣ ከዚያ ደግሞ «እውነተኛ ዲጄ» ነህ አይደለህም ተብሎ ይፈተናል። ፈታኙ ማነው? ዕቃችንን ወስዶ ዕቃ የላችሁም የሚለን ራሱ! ልጁ በፍላሽ ቢያጫውት ምን አጠፋ?

እርግጥ ለቃቃሚዎቹ ባይለቅሙት ኖሮ ግማሹ ምድር ቤት ውስጥ ውሃ ገብቶት ይቀር ነበር፣ ይህን አልክድም። አንዳንዶቹም አስተካክለው አሳትመውልናል። እኔም ብሆን ከአባቴ የተረፈች አንዲት ካርቶን አለችኝ፤ ለሠርግ አላወጣትም። እሑድ ቡና ሲፈላ ነው። አንዷ ሸክላ ላይ ጭረት አለባት፤ ዘፋኙ አንዲት ቃል ላይ እየተመላለሰ እስክነሣ ይጠብቀኛል፣ ቤተሰቡም ዘፈኑ እንዲያ መስሎት ለምዶታል።

የእህቴ ልጅ እስካሁን አልወሰነም። ሰሞኑን ደግሞ ሸክላም ኮንትሮለርም ባንዴ የሚሆን ዘዴ አገኘሁ ብሎ መጣ፤ ዘፈን የሌለባት፣ ሲጢጥ የምትል ድምፅ ብቻ የተቀረጸባት ሸክላ ናት፣ ላፕቶፑ ሲጢጥታዋን እየተከተለ የራሱን ፋይል ያጫውታል። እናቱ ሰማቻትና «ለዚች ነው ገንዘብ የምትጠይቀኝ?» አለች። መልስ አልነበረውም፤ እኔም አላገዝኩትም።

ለማንኛውም የእኔ ማጫወቻ መርፌ ስላለቀ ሜሪላንድ ላለችው የአክስቴ ልጅ መልእክት ልኬላታለሁ፣ ለገና ስትመጣ ታመጣለች። በምትኩ በርበሬ አዝዛለች፤ ኮረሪማው በዛ ያለ፣ እንደ አምናው ያልጠቆረ። ወፍጮ ቤቱ ደግሞ ትናንት ስሄድ መብራት የለም ብሎ ዘግቷል፤ ነገ ጠዋት ሰልፉ ሳይረዝም እሞክራለሁ።