«አስቀመጥከው?» «ነን!»

ከምሳ በኋላ ማኪያቶ ያዘዝን ፕሮግራመሮች አራት ነን። የምንጠራራው በየመሣሪያችን ስም ነው፦ ጃንጎ፣ ሬይልስ፣ ጋሼ ጃቫ፣ እኔ ደግሞ ፖስትግሬስ። የዕለቱ ሲሳይ ጃንጎ ነበር። ጠዋት የአንድ ተማሪ መዝገብ ሴቭ ያደርግና የመጣለትን መልስ እዚያው «ተማሪ» የሚለው ስም ውስጥ ይከተዋል። ቀጥሎ አይዲውን ቢጠይቅ ኤረር!

ሬይልስ ጀመረው።

«ሴቩ ምን ብሎ መለሰልህ?»

«ነን።»

«ምን ናችሁ?»

«በቃ ነን! የጃንጎ ሴቭ ሌላ መልስ የለውም።»

«ልጅ ሊያስመዘግብ ሄዶ፣ ልጁን ጥሎ ባዶ እጁን የተመለሰ አባት አንተን አየሁ!»

«ልጁማ ቁጥሩን ደረቱ ላይ ለጥፎ ቆሞ ነበር። አይዲው እሱው ላይ ነው የሚጻፈው፤ በ‹ነን› የለወጥኩት እኔ ነኝ። ያንተው ምን ይላል?»

«ትሩ!»

«ጥሩ? ጤንነቱን ማን ጠየቀው?»

«በ‹ተ› ነው እንጂ በ‹ጠ› አይደለም! ካላስቀመጠ ደግሞ ፎልስ ይላል።»

«ፎልስ ሲል ማን ሰምቶት? ኢፍ ካላቆምክለት ሹክ ብሎ ያልፋል። ስሙን ሳይሞላ የመጣ ደንበኛ ‹እንኳን ደስ አለዎት፣ ተመዝግበዋል› የሚባለው እናንተ ቤት ነው።»

«ለዚያማ ቃለ አጋኖ አለችን። ሴቭ ላይ ጣል ካደረግካት፣ መዝገቡ ሲጎድል ኡኡ ይላል።»

«ካልጮኹበት እውነት የማያወጣ ዘመድ አለኝ በላ!»

ጋሼ ጃቫ ስኳራቸውን እያማሰሉ ገቡበት። «የኔው ስፕሪንግ ዳታ መዝገቡን ራሱን ነው የሚመልስልኝ።»

«የሰጡትን ነው ጋሼ፣ ወይስ ቅጂውን?»

«አዲስ ከሆነ የሰጠሁትን፣ የቆየ ከሆነ ቅጂውን። ከዚያ ወዲያ ቅጂው ላይ ነው የምሠራው። ዋናው እጄ ላይ አለ፤ ብነካካው ግን ዳታቤዙ አያውቀውም።»

«ጡረታ ወጥቶ ቢሮ የሚመላለስ አለቃ ነው በሉን!»

ተራው ደረሰኝ። «አንተስ ፖስትግሬስ?»

«ኢንሰርት 0 1።»

«ማን አገባ?»

«አንድ ረድፍ ገባ። ዜሮው ድሮ የረድፉ ኦአይዲ የሚቀመጥበት ነበር፤ ዛሬ ባዶ ወንበር ነው።»

«ውጤቱን ተናግሮ ያገባውን የሚደብቅ ኮሜንታተር!»

«መጨረሻው ላይ ሪተርኒንግ ብለህ ብትጠይቀኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ከወጣው 8.2 ጀምሮ አይዲውንም ሌላውንም እዘረዝርልሃለሁ። ሳልጠየቅ ምን አስለፈለፈኝ?»

አስተናጋጇ መጣች። «ሒሳብ ከፍላችኋል?»

«ነን» አለ ጃንጎ። «ትሩ» አለ ሬይልስ። ጋሼ ጃቫ የትናንቱን ደረሰኝ ዘረጉላት። እኔ ስላልጠየቀችኝ ዝም አልኩ።

«እኔ መልስ ካጣሁ ደግሜ ነው የምጽፈው» አለችና አራቱን ማኪያቶ ስምንት አደረገችው።

አራታችንም ኡኡ አልን፤ ቃለ አጋኖም አላስፈለገን።