ካፖርት ለኮሶበር

በ2008 ዓ.ም. የበጋው ብርድ ቀረ። ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥ አለፈ፣ አዲስ አበቤ በማለዳ እጁን ከኪሱ አውጥቶ መሄድ ጀመረ። ኒውዮርክ ያለው የአክስቴ ልጅ በፈረንጆቹ ገና ዋዜማ ደውሎ «22 ዲግሪ ገብቷል፤ በካኒቴራ ነው የወጣሁት» አለኝ። በየዓመቱ በረዶ ሲያማርር የኖረ ሰው ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ሙቀቱን አማረረ። ኤልኒኖ ነው አሉ። ኤልኒኖ በምሥራቅና በሰሜን ያደረሰው ወግ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ዝናቡን ነስቶ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ አድርጓል። የእኔ ጣጣ ከአንድ ካፖርት አያልፍም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥር 23 ኮሶበር ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ያከብራል። ማኅበሩ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ የጊዮርጊስን ዕለት ጠብቆ፣ አድዋ የዘመቱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች እያሰበ ይጋልባል። ያንን ለማየት ስመኝ ነው የኖርኩት። ኮሶበርን የሚያውቅ ሰው ግን ስለ ፈረሱ ብትጠይቀው የሚነግርህ ስለ ብርዱ ነው። «ከ2500 ሜትር በላይ ነው ያለው! ፊትህን ስትታጠብ ጣትህን ቆጥረህ ተረከብ!» ይልሃል። እኔም ምክር ሰሚ ነኝና ከሰልባጅ ተራ የሆነ አገር ወታደር ሞስኮን ሲጠብቅበት የኖረ የሚመስል ካፖርት ገዛሁ። ሻንጣ ውስጥ አልገባ ስላለኝ ለብሼው ሄድኩ።

ከደብረ ማርቆስ የተሳፈርኩት በቅጥቅጥ ነው። መስኮት ዳር ደረሰኝ። አጠገቤ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው የተከናነቡ እናት ተቀመጡ። ደምበጫን ስናልፍ ላቤ በጀርባዬ ይወርድ ጀመር፤ ካፖርቱን አውልቄ ጭኔ ላይ ብከምረው ደግሞ ጭኔን ቀቀለኝ። ቀስ ብዬ መስኮቱን ጣት የምታህል ሳብ አደረግኩት።

«መስኮት!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። ወዲያው ሦስት አራት ሆኑ።

«እማማ፣ ሙቀት እኮ ነው» አልኳቸው አጠገቤ ላሉት፣ ፍርዱን ለእሳቸው ትቼ።

«እሱ አይደል ምች የሚያመጣው!» አሉኝ። «ያላበው ሰው ነፋስ ሲያገኘው ነው የሚመታ። ዝጋው ልጄ!»

አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ ምስክርነት ሰጠ፦ አጎቱ ደጀን ላይ መስኮት ከፍቶ አፉ ወደ ጆሮው ሥር ዞሮ ቀርቷል። ሹፌሩ ሳይቀር «አዎ፣ አለ እንደሱ» አለ፣ መንገዱን እያየ። ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? ዘጋሁት። እማማ ግን አልበቃቸውም፤ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ጠውለግ ያለች ዳማ ከሴ አወጡ፣ በመዳፋቸው አሽተው አረንጓዴው ውኃ ጣታቸው ላይ ሲወርድ አፍንጫዬ ሥር ደቀኑት። «ሳበው!» ሳብኩት። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ይሸታል።

ከጅጋ በኋላ ቆላ ቆላ ማለት ሲጀምር ሙቀቱ ባሰ። ውጭ ጤፍ ይወቃል፤ በሬዎቹ አውድማው ላይ ይዞራሉ፤ አረንጓዴ ቁምጣ የለበሰው ጎረምሳ እብቁን በመንሽ ወደ ላይ ሲበትነው ነፋሱ ይዞት ይሄዳል። ያ ሁሉ ነፋስ ከመስታወቱ ማዶ ነው። ፍኖተ ሰላም ስንገባ ያ ባለ አጎት ታሪክ ያውቃል መሰለኝ፣ ከተማዋ ድሮ ወጄት ትባል እንደነበር፣ ጃንሆይ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ በዚህ ሲያልፉ ይህን ስም እንዳወጡላት ነገረን። ጃንሆይ በቅጥቅጥ ተሳፍረው ቢሆን ኖሮ ስሙ ሌላ ይሆን ነበር።

ፀሐዩ በእኔ በኩል ሲዞር መጋረጃውም ይዘጋ ተባለ። ስለዚህ ማንኩሳን፣ ፍቅር እስከ መቃብር የሚጀምርባትን፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ላያት የምፈልጋትን ማንኩሳን፣ አንድ ያደፈ መጋረጃ እያየሁ አለፍኳት።

ቡሬ ቆምን። መንገዱ እዚህ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት፣ ሌላው ወደ ኮሶበር። ወቅቱ የበርበሬ ነው። አዲስ አበባ ላይ በርበሬ ማለት ማረቆ ብቻ የሚመስለው ሰው አለ፤ ቡሬ መጥቶ በየደጁ የተሰጣውን ቀይ ምድር ቢያይ አፉን ይዘጋል። ምን አለፋችሁ፣ አንድ ነጋዴ ሁለት ኬሻ ዛላ በርበሬ ይዞ መጣ፤ ፖርቶ መጋላው ሞልቷል፤ ረዳቱ አንዱን ኬሻ መተላለፊያው ላይ ጎተተና በጉልበቱ እየገፋ ወንበር ሥር ሊወሽቀው ታገለ። ኬሻው ጥግ ላይ ተቀደደ።

መጀመሪያ ያስነጠሰው ባለ አጎቱ ነው። ቀጥሎ ሕፃናቱ። ቀጥሎ ሁላችንም፣ ሹፌሩ ጭምር።

«ክፈት! መስኮት ክፈት!» ያው ድምፅ ነው፣ ያው የኋላ ወንበር።

ሳብኩት። አልሳብም አለ። ሙቀቱ ጎማውን አጣብቆታል መሰለኝ፤ ረዳቱ በኬሻው ላይ ተረማምዶ መጥቶ በፒንሳ ሲፈነቅለው ነው የተከፈተ። የቡሬ ነፋስ ገባ። እንዴት ያለ ነፋስ! ፊቴን አውጥቼ፣ ዓይኔ እያነባ፣ በደስታ ሳብኩት።

እማማ በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉና እጄን ያዙኝ።

«አንተ ልጅ! ምን ትጠብቃለህ? መስኮቱ ተከፍቷል እኮ። ካፖርትህን ልበስ!»

«እማማ፣ እኔ እኮ ሞቆኝ…»

«ልበስ ብዬሃለሁ!»

«ልበስ እንጂ ወንድሜ» አለ ባለ አጎቱም እያስነጠሰ፤ «መጀመሪያ ይከፈት ያልከው አንተ ነህ።»

ለበስኩ። የአንገቱን ቁልፍ እማማ ራሳቸው ቆለፉልኝና፣ ጥሊሊ እስክንደርስ እንዳልፈታው ይጠብቁኝ ጀመር።