በምን ተለክቶ?

እናቴ ከአዲስ አበባ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እህቴ ዘንድ በመጣች ሰሞን፣ የእህቴን ትንሽ ልጅ ሌሊት ትኩሳት ጣላት። እህቴ ቴርሞሜትሩን የልጅቷ ብብት ሥር ይዛ ቆየችና ብርሃን ላይ አይታ "መቶ ሁለት ነጥብ አራት" አለች። ልጅቷን ታቅፋ የነበረችው እናቴ ክው ብላ ቀረች። እሷ የምታውቀው ትኩሳት 38 ወይም 39 ነው፤ 40 ከገባ ልጁ ታዝሎ ሐኪም ቤት ይሮጣል። መቶ ላይ የሚደርሰው የሚፈላ ውኃ ነው። "ኧረ በማርያም! መቶ ሁለት ደግሞ ምንድን ነው?" አለች። በፋራንሃይት 102.4 ማለት በእኛ ሴልሺየስ 39.1 ገደማ እንደሆነ ስነግራት ትንፋሿ መለስ አለ። ትኩሳቱ ግን ትኩሳት ነውና ወደ ሐኪሙ ቢሮ የሌሊት መስመር ደወልን።

ስልኩን ያነሳችው ነርስ ዕድሜና ክብደት ጠየቀች። እህቴ "ሃያ ስድስት ፓውንድ" ስትል እናቴ ከጎን "አሥራ ሁለት ኪሎ ናት፣ ንገሪያት እንጂ!" ትላለች። ሁለቱም ልክ ናቸው። ነርሷ ሽሮፑን አንድ የሻይ ማንኪያ ስጧት አለችን። ሽሮፑ ቤት አለ፤ አብሮት የመጣው መለኪያ ግን የት እንደገባ አይታወቅም። እህቴ የማንኪያውን መሳቢያ ሳበችው። የቡና ስኳር የሚማሰልባት ቀጭን ማንኪያ አለች፤ ጎድጎድ ያለ የሾርባ ማንኪያ አለ፤ በመካከላቸው ደግሞ መጠናቸው የማይመሳሰል ሌሎች ሦስት አራት ማንኪያዎች። ነርሷ የትኛውን ማለቷ ነው? በአሜሪካ መለኪያ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር፣ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ነው። በእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃል ሲጻፉ ሁለቱን የምትለያቸው አንዲት ፊደል ናት። የዚያች ፊደል ዋጋ ሦስት እጥፍ መድኃኒት ነው፤ ያውም ለሁለት ዓመት ልጅ።

ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ወደሆነ መድኃኒት ቤት ለመሄድ ተነሣሁ። እናቴ "በዚህ ሌሊት ብቻህን አትሄድም" አለች። ስልኬ ላይ የውጪውን አየር አየች፤ 28 ይላል። "ሞቃት ነው" ብላ በነጠላ ብቻ ወጣች። የዚያ አገር 28 በእኛ ከዜሮ በታች ሁለት ዲግሪ ነው። መኪናው ዘንድ ሳትደርስ እጇ በብርድ ስለደረቀ ተመለስን፤ ካፖርት ደረበችና እንደገና ወጣን። የታመመች ልጅ ቤት ትተን በአንድ ቁጥር ምክንያት ደቂቃ ማባከናችን እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ደግነቱ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ያገኘናት ባለሙያ ሐበሻ ነበረች። ነገሩን ስናስረዳት መርፌ የሌለው ሲሪንጅ አውጥታ ለእናቴ መስመሩን አሳየቻት። "እማማ፣ ማንኪያውን ይተዉት። እዚህ 5 የሚለው ድረስ ይሳቡና በጉንጯ በኩል ቀስ አድርገው ይስጧት። ክብደቷን ሲጠይቁዎት ደግሞ ኪሎ ወይም ፓውንድ ሳይሉ እንዳይናገሩ" አለቻት። የልጅ መድኃኒት የሚሰላው በኪሎ ግራም ነው፤ 26 ፓውንድን 26 ኪሎ ብሎ የመዘገበ ሰው መጠኑን ከእጥፍ በላይ ያደርገዋል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2015 (እ.ኤ.አ.) የልጆች ፈሳሽ መድኃኒት በሚሊ ሊትር ብቻ እንዲታዘዝና ማንኪያ የሚባለው ነገር እንዲቀር አሳስቧል። ልጅቷ ሊነጋ ሲል ትኩሳቱ በረደላት። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ነገሩን መመርመር አልተውኩም።

እንግሊዝኛው ራሱ ያምታታል። አውንስ ክብደት ነው፤ አውንስ የፈሳሽ ልክም ነው። አራስ ልጅ ሰባት ፓውንድ ከአራት አውንስ ትመዝናለች፣ ሦስት አውንስ ወተት ትጠጣለች፤ ያ አውንስና ይሄ አውንስ ግን አንድ አይደሉም። ስምንት የፈሳሽ አውንስ ማር ሚዛን ላይ ሲወጣ አሥራ ሁለት አውንስ ገደማ ይመዝናል። ጋሎን ለንደን 4.5 ሊትር ያህል፣ ዋሽንግተን 3.8 ሊትር ያህል ነው። የሚገርመው፣ ከ1959 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፓውንድ ራሱ የሚተረጎመው በኪሎ ነው፦ 0.45359237 ኪሎ ግራም።

አገር ቤትም ቢሆን ልኩ ብዙ ነበር። ቁና ከአገር አገር ይለያያል፤ ጣሳም ከጣሳ ይበልጣል። ነገር ግን ገበያ ላይ ሻጭና ገዢ የሚያዩት አንድ ጣሳ ነው። ጣሳው በመካከላቸው ተቀምጧል፤ አነሰ ካለች ገዢዋ ታየዋለች፣ "ጨምሪበት" ትላለች። ነርሷ ግን የእኛን መሳቢያ አታይም፣ እኛም የእሷን ማንኪያ አናይም። መስፈሪያው ከዓይን ሲሰወር ቦታውን የሚይዝለት ስሙ ብቻ ነው። ስሙ ከተዘለለ ቁጥሩ እውነት ሆኖ ሳለ ያጠፋል።

ካናዳ ውስጥ በሐምሌ 1983 (እ.ኤ.አ.) የሆነው ይኸው ነው። የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 ከሞንትሪያል በኦታዋ በኩል ወደ ኤድመንተን ለመብረር 22,300 ኪሎ ግራም ነዳጅ ያስፈልገው ነበር። የነዳጅ ጠቋሚው ስለተበላሸ ሂሳቡ በእጅ ተሠራ፤ የሊትሩ ክብደትም 1.77 ተባለ። 1.77 ትክክለኛ ቁጥር ነው፤ በፓውንድ። በኪሎ 0.8 ገደማ ነበር። አውሮፕላኑ ከግማሽ ያነሰ ነዳጅ ይዞ ተነሣ፤ ሰማይ ላይ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። ካፒቴን ቦብ ፒርሰን ሞተር አልባ ተንሸራታች የማብረር ልምድ ስለነበረው ጊምሊ በሚባል የቀድሞ አየር ኃይል ሜዳ አሳረፈው፤ የሞተ ሰው የለም። ማርስን እንዲዞር የተላከው የናሳ መንኮራኩር ግን በ1999 (እ.ኤ.አ.) በዚሁ ዓይነት የመለኪያ መዛነፍ ጠፍቶ ቀርቷል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቼ "በምን?" ብሎ መጠየቅን እንደ አለማወቅ ሲቆጥሩት ስለማይ ነው። በእንግሊዝኛችን እንዳይታዘቡን ብለን "እሺ፣ እሺ" እንላለን። በዚያ የካናዳ በረራ ሂሳቡ ያመለጣቸው ግን ሥራቸውን የተማሩ ሰዎች ናቸው። የእናቴን የደም ግፊት ክኒን ጠርሙስ ላይ እህቴ "ጠዋት 2 ሰዓት" ብላ በአማርኛ ጽፋ ለጥፋለች፤ ሐኪሙ 8 ሲል የእናቴ ስምንት ሰዓት ከምሳ በኋላ ነውና። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ሁሉም ቤት ይግባ። የልጃችሁን ክብደት በኪሎም በፓውንድም ጻፉ፤ መድኃኒት በሚሊ ሊትር ይነገረን በሉ። ቋንቋው ከከበዳችሁም፣ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ የአሜሪካ ሐኪም ቤቶች አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ሳታፍሩ ጠይቁ።