የተሸነፈ ይከፍላል

ጋምቤላ ደርሶ የባሮን ዓሳ ሳይቀምሱ መመለስ፣ ጎንደር ሄዶ የፋሲልን ግንብ ሳያዩ እንደ መምጣት ነው ብለው አስጠንቅቀውኛል። ስለዚህ ለሥራ ሄጄ የአክስቴ ልጅ ቤት ባረፍኩበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት 600 ብር አውጥቼ ለልጇ ሰጠሁት። ዕድሜው ገና አሥራ አምስት ነው፤ ቁመቱ ግን እኔን ትቶኝ ሄዷል። ትምህርቱ የከሰዓት ፈረቃ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ይላላካል። «ጋሼ፣ አሁን መጣሁ» ብሎ ወጣ።

ሽንኩርቱ ተከተፈ። ዘይቱ ተገዛ። ሚጥሚጣው እንኳ ከጎረቤት ተለምኖ መጣ። አራት ሰዓት ሆነ፣ አምስት ሰዓት ሆነ፣ ልጁም ዓሳውም የሉም። እናቱ መጀመሪያ ተናደደች፣ ቀጥሎ ዝም አለች። ዝምታዋ አስፈራኝና ፍለጋ ወጣሁ።

ለደገኛ ሰው የጋምቤላ ቀትር ለፍለጋ የሚመከር ሰዓት አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ወለል ያላት ከፍታ 500 ሜትርን እምብዛም አያልፍም፤ ፀሐይዋ ስም ጠርታ የምትመታ ነው የሚመስለው። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፎ ወደ ባሮ ወረድኩ።

ባሮን ሳየው ሁሌም የማስበው መርከቦቹን ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1902 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ) ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት እዚህ ዳርቻ ላይ የንግድ ጣቢያ ተከፍቶ ነበር። በክረምት ውሃው ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከካርቱም ድረስ እየመጣ ጨውና ጨርቅ ያራግፍ፣ ቡና ጭኖ ይመለስ ነበር። ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ እጅ የተመለሰው ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ወንዝ ደጃፉ ላይ እየፈሰሰ፣ የአክስቴ ልጅ ልጅ የት ገባ?

ዓሳ ሻጮቹ አላየነውም አሉ። ድልድዩን ተሻገርኩ፣ ገበያውን ዞርኩ፣ ተመልሼ ድልድዩን ተሻገርኩ። በመጨረሻ አንድ የኑዌር ልጅ «ማሌ» ብሎ ሰላም አለኝና ጉዳዬን ሲሰማ ሳቀ። «ፕሌይስቴሽን ቤት ነዋ!» በአገጩ አሳየኝ።

ቤቱ በቆርቆሮ የተሠራ ነው። በሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ ተንጠልጥሏል፤ ብርሃን እንዳይገባ ነው ቢሉም እናት አሻግራ እንዳታይ ጭምር ይመስለኛል። ውስጡ ሦስት ቴሌቪዥን፣ ሦስት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ የሚንቋቋ ቬንቲሌተር። የላብና የፕላስቲክ ሽታ አለው። የአኝዋኩም፣ የኑዌሩም፣ የደገኛውም ልጅ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ተቀምጧል። ይህን ሳልናገር ባልፍ ሐሰተኛ እሆናለሁ፤ ብሔር ከብሔር ተጋጭቶ ደም በፈሰሰበት ክልል፣ እነዚህ ልጆች የሚጣሉት ማድሪድና ሲቲ ሆነው ነው። ጨዋታውን ዛሬም «ፊፋ» ይሉታል፤ አምራቹ ኩባንያ ከፊፋ ጋር ተለያይቶ የጨዋታውን ስም ከለወጠ ቆይቷል፣ ለእነሱ ግን ወሬው አልደረሰም ወይም ግድ አልሰጣቸውም።

የእኛው ልጅ አንገቱን አስግጎ፣ አፉን ከፍቶ፣ ጆይስቲኩን በሁለት እጁ አንቆ ይዟል። አውራ ጣቱ ጫፍ ላይ ቆዳው ጠጥሮ ያብረቀርቃል፤ የእንጨት ፈላጭ መዳፍ እንዲህ ሲሆን አይቻለሁ፣ የተማሪ አውራ ጣት ግን የመጀመሪያዬ ነው። ስሙን ጠራሁት። አልሰማም። ትከሻውን ነካሁት። «ጋሼ፣ አንዴ፣ አንዴ፣ እየመራሁ ነው!»

በእርግጥም 2 ለ 1 ይመራ ነበር። ነገሩን ያስረዳኝ አጠገቡ ያለው ልጅ ነው። የቤቱ ሕግ አጭር ናት፤ የተሸነፈ ይከፍላል። ያሸነፈ በነፃ ተጫውቶ ይወጣል። ከዚያ ደግሞ ልጆቹ በራሳቸው የጨመሯት «ደብል» አለች፤ የተበላ ሰው ለማስመለስ እጥፍ ያሲዛል። የእኛው ልጅ ጠዋት «አንድ ጌም ብቻ» ብሎ ገብቶ፣ በደብል ላይ ደብል የዓሳዬን ብር ከሞላ ጎደል አሲዞ፣ አሁን የመጨረሻዋን ይዟል። ተቃራኒው ባጃጁን ደጅ ያቆመ ጎረምሳ ነው።

ሰባኛው ደቂቃ ላይ መብራት ሄደ።

የተነሣውን ጩኸት እናንተ ገምቱት። አንዱ «የመራ አሸንፏል» ይላል፤ ሌላው «ያላለቀ ጨዋታ አልተጀመረም» ይላል። የሚዳኝ ሲጠፋ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ፤ ፀጉሬ ሸብቷላ! ልጅ ልፈልግ የወጣሁ ሰውዬ በላብ ተጠምቄ፣ የገዛ ገንዘቤ ባለበት ክርክር ሽማግሌ ሆኜ ተሰየምኩ። ጉሮሮዬን ጠርጌ ፈረድኩ፦ ሁለታችሁም ያስያዛችሁትን ውሰዱና ተነሡ።

ባለ ባጃጁ በትሕትና፣ «ጋሼ፣ እሺ፤ የቤቱንስ ማን ይከፍላል?» አለኝ።

ባለቤቱ ከጥግ ሆኖ ደብተሩን ገለጠ። የእኛው ልጅ ለካ ከዚያ ቀን በፊትም ዕዳ አለበት። ተደምሮ፣ ተቀንሶ፣ ዓሳ ቀርቶ የዓሳ ጭራ የሚገዛ ብር አልተረፈም።

ማታ እናቱ የሆዷን ዘረገፈችው። የፎቶ ኮፒ እየተባለ የሚወሰደው ብር፣ ሌሊት በስልክ ጨዋታ ላይ ሲፈጥ እያደረ ጠዋት የማይከፈተው ዓይን፣ ከክፍል መቅረቱ፣ ከሁሉም በላይ ውሸቱ። «ተው ስለው ይምላል፣ ምሎ ይሄዳል» አለች። የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን በ2019 በበሽታዎች መዝገቡ አጽድቆ ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ አውሎታል፤ ምልክቶቹም ራስን መግታት አለመቻል፣ ጨዋታውን ከሌላው ነገር ሁሉ ማስቀደም፣ ጉዳቱ እየታየም መቀጠል ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ለዓመት ያህል ሲዘልቅ ነው ሱስ የሚባለው። የአክስቴ ልጅ መዝገቡን አላየችም፤ ምልክቶቹን ግን አንድ በአንድ ቆጠረችልኝ። «እንዳልከለክለው ደግሞ» አለች፣ «ከተማው ሲረበሽ ቢያንስ የት እንዳለ አውቃለሁ።»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ቻይና በ2021 ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓል ቀን አንዳንድ ሰዓት ብቻ በኢንተርኔት እንዲጫወት ወስናለች። ደቡብ ኮሪያ በ2011 ከ16 ዓመት በታች ላሉት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ዘግታ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ሕጉን ራሷ አነሣችው። በእኛ ቆርቆሮ ቤት ይህን ማን ይቆጣጠራል?

ማሽኑንም አልረግምም። ሰሜን ዩጋንዳ መጠለያ ጣቢያ ያደገው ደቡብ ሱዳናዊ ሉዋል ማየን፣ እናቱ ለዓመታት ባጠራቀመችለት ገንዘብ በተገዛ ኮምፒውተር «ሰላም» የተባለ ጨዋታ ሠርቶ በ2018 በዓለም መድረክ ተሸልሟል። ጋምቤላ ዙሪያ ባሉት ጣቢያዎችም እንደ እሱ ያለ ልጅ አይጠፋም። ልጆቻችንን የሚበላብን ያቺ የቤት ሕግ ናት። የሚያሸንፍ በነፃ፣ የሚሸነፍ በዕዳ ሲቀመጥ፣ ደካማው ልጅ ብሩን ካላስመለሰ መነሣት ያቅተዋል፤ ከዚያ እስከ ውርርድ ቤት ያለው መንገድ አጭር ነው።

ስለዚህ ጌም ቤት ያላችሁ ሰዎች፣ ቤታችሁን ዝጉ አልላችሁም። ክፍያውን ለሁለቱ ተጫዋቾች እኩል አካፍሉት፣ ለልጅ ዱቤ አትስጡ፣ በትምህርት ሰዓት ተማሪ አታስገቡ። ቀበሌም ይህችን ታህል ቢጠይቅ አይበዛበትም።