ሊጥና ታሪፍ

የጃማዋ ደጎሎ ላይ ነገር ሳይመለስ አያድርም። ኢኮኖሚክስ የሚማረው ልጅ ለእረፍት መጥቶ፣ እንጀራ ጋግራ የምትሸጠውን አክስቱን በቡና ላይ ሊያስተምር ጀመረ።

«አክስቴ፣ ውጭ አገር መብራት እንደ ሰዓቱ ነው የሚሸጠው። ማታ ይወደዳል፣ ሌሊት ይረክሳል።»

«እኛም ጋ ማታ ይጠፋል፣ ሌሊት ይመጣል። የቀረን መርከሱ ነው።»

«ምክንያት አለው እኮ! አንድ ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይስባል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ሲጥድ ትራንስፎርመሩ አይችለውም። ለዚያች ሰዓት ብቻ ተብሎ መስመርና ማመንጫ ይጨመራል። ወጪውን ያመጣ ይክፈል ነው።»

«ልጆቼ ራት በሌሊት 9 ሰዓት ይብሉልኛ!»

«የሰዓት ታሪፍ እኛ አገርም ለፋብሪካ ነበር። ከ2011ዱ የታሪፍ ለውጥ በፊት፣ አነስተኛ ቮልቴጅ ላይ ያለ ኢንዱስትሪ ጭነት በሚበዛበት ሰዓት ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 74 ሳንቲም፣ በሌላው ጊዜ 54 ሳንቲም ገደማ ይከፍል ነበር። ለቤት ግን የሚታየው ምን ያህል እንጂ መቼ አይደለም። ብዙ የተጠቀመ በውድ ይከፍላል።»

«አራት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ከሆነስ?»

«እንደ አንድ ቤት ይቆጠራል።»

«ድሃ ሲሰበሰብ ሀብታም ይሆናል በለኛ!»

እዚህ ላይ ልጁ ፍንጃሉን አነሳ። እኔም ብሆን አነሳ ነበር፤ በየእርከኑ የሚወጣ ታሪፍ ድሃን ይጠቅማል የሚባለው ድሃው የራሱ ቆጣሪ ሲኖረው ነው።

«ከመስከረም 2017 ወዲህ ደግሞ» አለ ልጁ፣ «ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ ከፍ የሚል ታሪፍ ወጥቷል።»

«ይኸውልህ የጊዜ ታሪፍ! የሚወደድበትን ነገሩን፣ የሚረክስበት ተረሳ።»

ቡናው ላይ የነበረ ባለወፍጮ ጣልቃ ገባ፦ «ለእኔስ የሰዓቱ ታሪፍ ይሻለኛል፤ በቅናሽ ሌሊት እፈጫለሁ።»

«የጃማን ጤፍ በሌሊት ማን ተሸክሞ ይምጣልህ? ጅብ?»

«አንቺስ» አለ ልጁ፣ «ቅናሽ ካለ ሌሊት አትጋግሪም?»

«እንዴት አልጋግርም! እንደማይጠፋ ፈርምልኝና። በቅናሽ ቀጥሮኝ ቢቀር ሊጡ የሚኮመጥጠው በእኔ ነው፣ በታሪፉ አይደለም።»

«ሰዓት የሚያውቅ ቆጣሪም ያስፈልጋል።»

«የፈረንጅ ሰዓት እንዳይሆን ብቻ! ‹ርካሹ ከ1 ጀምሮ ነው› ብሎኝ ማታ ብጥድ፣ የሱ 1 ለካ የእኛ ሌሊት 7 ነው!»